ባለ ሃያው ብስኩት

እናቴ የምሳ እቃውን ገልብጣ አሸተተችው።

"ይሄ የኛ ሳሙና አይደለም" አለች።

አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ አልገጥም ስላለ በላስቲክ ነው የሚታሰረው። ድሮ ማታ ሲመለስ ሩዝ ደርቆበት፣ ዘይቱ ጥግ ጥጉን ይዞ ነበር የሚመጣው፤ እናቴ እየፈተገች "ሁለት እጅ ተሰጥቷት አንዱን እንኳ ውሃ አታስነካም" ትል ነበር። አሁን ሶስት ሳምንት ሆነው፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሎሚ ሎሚ እየሸተተ ይመጣል። "ልጄ ሰው ሆነች" አለችና ሩዙን በማንኪያ ጀርባ ጠቀጠቀች፣ ድንችና ካሮቱን ከላይ አለበሰች፣ የተቀቀለ እንቁላል ጥጉ ላይ ሸጎጠች። እንቁላሉ ለታናሼ ብቻ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ምግብ መሀል ስለምውል አይርበኝም ተብሎ እቤታችን ተወስኗል። ታናሼ በሩ ጋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስራለች። ያን ያህል የሚያስቆይ ማሰሪያ የለውም።

"ትናንት ጣፈጠሽ?"

"ጥሩ ነበር እማ።"

"ጨረስሽው?"

"እቃውን አይተሽው የለ።"

እናቴ ደስ ብሏት ሳቀች። ታናሼ እቃውን ብብቷ ስር ወሽቃ አስራ ሁለት ሰአት ሳይሞላ ወጣች። እኔን ቻው አላለችኝም። ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች። ድካም ነው ብዬ ትቻታለሁ።

የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው መጋረጃ ሳይሆን የኔ ካርቶን ነው፤ ብስኩቱ ከታች፣ ዋፈሩ ከላይ፣ ውሃው በሩ ጋ። ታናሼ ራሷን ብስኩቱ ስር አድርጋ ነው የምትተኛው። ጠዋት ጠዋት እቆጥራለሁ፣ ልማድ ነው። አንድም ጎድሎ አያውቅም።

ማሽኗ የሁለታችን ናት። እኔ ስምንት አመት ሱፐርማርኬት ውስጥ እቃ ስደረድር ኖርኩ፣ ሱፐርማርኬቱ ተዘጋ። ታናሼ ልብስ ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች፤ የሁለት አመት ጥሪት ነበራት። "አንቺ ገንዘብ አለሽ፣ እኔ እቃ አውቃለሁ" አልኳት። አንድ ቀን አሰበችበትና ሰጠችኝ። አሮጌ ማሽን ገዛን፤ አምስት መደዳ፣ በየመደዳው ስድስት ጥምዝምዝ ሽቦ። ሳንቲም ሲጎርሳት ሽቦው ይዞርና እቃው ታች ይወድቃል። መልስ አትሰጥም፣ እና ከአምስት ብር በታች አትነካም። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ፤ ሁሉም ተይዟል። የተገኘው የታናሼ ፋብሪካ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ዘመዱ ተቀጥሮ ለሚሰራ ሰው ቦታ አያከራዩም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ አንተዋወቅም። መንገድም ላይ ተለያይተን ነው የምንሄደው። ውሉ ላይ በቀን አርባ እቃ ካልተሸጠ በሶስት ወር ውስጥ ቦታው ለሌላ ይሰጣል የሚል አለ። ሁለት ወር ሙሉ ከአስራ ስምንት ዘለን አናውቅም። ስራ አስኪያጁ ጠርቶ ጠየቀኝ፣ አፌ ላይ የመጣውን መለስኩለት። በዚያው ሳምንት ዋፈሩን አውርጄ ጨው ያለውን ብስኩት በአይን ትክክል ደረደርኩት። ሽያጩ ዘጠና ገባ። እኔ እራት ላይ አላስቀመጥኳቸውም። እቃ ማወቅ ማለት እንዲህ ነው አልኩ። ሰው ምን እንደሚርበው ከራሱ ቀድሞ ማወቅ ነው አልኩ። እናቴ መረቀችኝ። ታናሼ እያላመጠች ሰማችኝ።

የዛሬው ስራ መምረጥ ነው። ጅምላ መሸጫው ሶስት ሰአት ይከፈታል። ባለቤቱን "ፈገግታ" ነው የምንለው፣ ስቆ ስለማያውቅ። ምርጫ ይሉታል እንጂ ምን ምርጫ አለ። ቸኮሌት አይሆንም፣ ቀልጦ ጨርቅ ያበላሻል። የድንች ቺፕስ አይሆንም፣ ዘይቱ ከጣት ወደ ኮሌታ ይሄዳል። ቀለም ያለው ጁስ አይታሰብም። የቀረው ደረቅ ነገር ነው። ከዚያ ሽቦው አለ፤ ቀጭን ፓኬት ይሾልካል፣ ወፍራሙ ይነከሳል፣ ሳንቲሙ ተበልቶ እቃው መሀል ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ማሽኗ እርግጫ ትጠጣለች። ከዚያ ዋጋው። ለውዝ እንደሆነ ሆድ ይይዛል፣ ግን በአስራ ሰባት ገብቶ በሃያ ነው የሚሸጠው። ጨው ያለው ብስኩት በአስራ አንድ ይገባል፣ በሃያ ይወጣል። ስድስት ፍሬ ነው። ድሮ ስምንት ነበር፤ ፓኬቱ ግን ያው ነው። አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ጋ አራገፍኩት።

"ነፋስ ነው የምትሸጥልኝ" አልኩት።

"ነፋሱ በነጻ ነው" አለ ፈገግታ። "ደግሞ ነፋስ ባይሞላው ሽቦሽ ላይ ይቆም ነበር? አመስግኚ።"

ስምንት ካርቶን ብስኩት ስለው ቀና ብሎ አየኝ። "ምን አስነካሻቸው ሴቶቹን?"

"ጨው ነዋ" አልኩ። "ጨው የቀመሰ ሁለቴ ይመለሳል። ከዚያ ውሃ ይገዛል።"

"ሰይጣን ነሽ" አለኝ፣ በአድናቆት። ደስ አለኝ። ስለ ደስታዬም አንድ ካርቶን ለውዝ ጨመርኩ፣ ለአይነት ያህል። ሁሉን ታክሲ ላይ አስጫንኩና ሄድኩ።

ሁልጊዜ የምገባው በጀርባ፣ በእቃ ማራገፊያው በር ነው። ዛሬ ጨርቅ የጫነ ትልቅ መኪና ተገትሮበታል፣ ሹፌሩ የለም። ዞሬ በዋናው በር ሄድኩ። አምስት ሰአት አካባቢ ነው። ዘበኛው ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ አያውቀኝም። የባለማሽኗ ሰው ነኝ ስለው ፊቱ በራ።

"አንቺ ነሽ እንዴ! እግርሽ እርጥብ ነው እኮ። አንቺ ከመጣሽ ከቤት ምሳ ማምጣት ተውኩ። ነይ፣ እንብላ።"

ማንኪያውን ዘረጋልኝ። ድንች ነው፣ ካሮት ተጣብቆበታል። ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ አስቀምጧል። ላስቲኩ አንጓው ላይ እንደ አምባር ገብቷል።

"ጠግቤያለሁ" አልኩ።

"በሞቴ ብያለሁ።"

"በልቼ ነው የመጣሁት ጋሼ።"

እንቁላሉን ልጦ ሙሉውን ጎረሰው። እያላመጠ በአውራ ጣቱ ወደ ግድግዳው አሳየኝ። ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ማንኛውንም ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በውስጥ መሸጫ ማሽን አለ። ማህተም፣ ፊርማ፣ ቀን። ቀኑ ስራ አስኪያጁ በጠራኝ በሶስተኛው ቀን ነው። ያኔ የመለስኩለት መልስ ቃል በቃል መጣልኝ። "ሁሉም ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል፣ ማን ይገዛል?" ነበር ያልኩት። ለምን አልሸጥክም ሲሉት ሰው የሚለው ነገር ነው። ብስኩቱን ከዋፈሩ ጋር ያለዋወጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

"ሌሎቹ ወዲያው ተዉት" አለ ዘበኛው። "አንዷ ብቻ፣ አንዲት ኮሌታ ሰፊ፣ ሁሌ ይዛ ትመጣለች። ማንበብ አትችል ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ጋ ቆማ ለመዋጥ ትታገል ነበር፣ ደወሉ ይቀድማታል። አሁን 'ይብሉት' ብላኝ ትገባለች። ብቻ እቃውን አደራ ትላለች። አጥቤ ነው የምመልስላት፣ ባለጌ አይደለሁም።" ሳሙናውን አሳየኝ። ቢጫ ነው። "አንድ ነገር ግን አለ፣ ጨው ታበዛለች።"

"ማን?"

"እናትየዋ። ይሄ የልጅ እጅ አይደለም፣ የእናት እጅ ነው። እጇ ይባረክ፣ ግን ጨው ታበዛለች። እኔ ደግሞ ደም ግፊት አለብኝ። ለልጅቷ እንዳልነግራት አፈርኩ፣ የሰው ምሳ እየበሉ አቃቂር ደግሞ…"

ካርቶኖቹን አስገባሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት እያልኩ። ዘጠኝ ነበሩ። 

ስራ አስኪያጁ ቢሮ በመስታወት ነው የተሰራው፣ ከላይ ሆኖ አዳራሹን ሁሉ ያያል። ሴት ሁሉ እህቱ ናት። "እህቴ፣ ቁጭ በይ" አለኝ። "ዘጠና ሁለት! ትናንት ብቻ ዘጠና ሁለት። እንኳን ደስ ያለሽ። አሁን በያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ጨምሪበት። አምስቷ ለኛ፣ ለመብራቱም ለቦታውም።"

"አይበዛባቸውም?"

"የት ይሄዳሉ?" አለ። ክፋት የለበትም፣ ጥያቄ ነው። መልሱን እየጠበቀ አየኝ።

ታናሼን እያሰብኩ ነበር። ሃያ ማለት የአንድ ሰአት ተኩል ኮሌታ ነው፣ ያንን አውቃለሁ፣ እሷው ናት የነገረችኝ። ሃያ አምስትን ማካፈል አልፈለግኩም።

"ጌታዬ፣ ምሳቸውን እንዲያስገቡ ቢፈቀድስ? በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ።"

ሳቀ። "አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!" ከዚያ ሳቁን አቆመ። "እውነቱን ልንገርሽ? ባንቺ ምክንያት አንድ ነገር ተማርኩ። ድሮ ለምሳ ግማሽ ሰአት ነበር። ይቀመጣሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ ያወራሉ። አሁን ቆመው ነው የሚበሉት፣ ሩብ ሰአት ይበቃቸዋል። ጨርቁም አይቆሽሽም። እንግዲህ ካልፈለግሽ ማሽንሽን ማውጣት ትችያለሽ፣ ሌላ አመልካች አለ። ምሳው ግን አይገባም።"

ማሽኗን ባወጣት የት እንደማቆማት አሰብኩ። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ አውቶቡስ ተራ። እቤት፣ ከካርቶኑ ጎን። የታናሼ ሁለት አመት፣ ሳንቲም የሚጎርስ ቁም ሳጥን ሆኖ።

"እሺ" አልኩ።

"ጎበዝ እህቴ።"

የማሽኗ በር ውስጥ በኩል ቁጥር ያለበት ሰሌዳ አለ። የሽቦውን ቁጥር ትጫኛለሽ፣ ዋጋውን ትጫኛለሽ፣ አረንጓዴውን ትጫኛለሽ፣ ጢው ትላለች። ብስኩቱን ሃያ አምስት አደረግኩት። ጢው። ዋፈሩን ሃያ። ጢው። ውሃውን አስራ አምስት። ጢው። ሰላሳ ሽቦ ነው፣ ሃያ ዘጠኙን ጨረስኩ። የመጨረሻው ታች፣ በስተግራ ጥግ ያለው ነው፤ ጎንበስ ያላለ አያየውም፣ ከመስታወቱ ቢሮም አይታይም። ለውዙን እዚያ ደረደርኩት። አስራ ሁለት ይይዛል። አምስት ብዬ ተጫንኩ። ጢው። በአስራ ሰባት የገዛሁትን በአምስት። ምህረቴ አስራ ሁለት ፓኬት ነበረች።

ስድስት ሰአት ላይ ደወለ። የስፌት መኪናዎቹ ባንዴ ጸጥ አሉ፤ ከዚያ ጫማ ብቻ ነው የሚሰማው፣ የሁለት መቶ ሴት ጫማ። ሮጠው ተሰለፉ። እኔ ባዶ ካርቶን እንደማጣጥፍ ሆኜ ጎን ቆምኩ። ታናሼ አስራ አምስተኛ ናት። አላየችኝም፣ ማለት አይታኛለች። ሰልፉ ፊት ያለችው ወፍራም ሴትዮ ዋጋውን አይታ "ወይኔ፣ ጨመሩ!" ብላ ጮኸች። ከኋላ ጉርምርምታ መጣ። "እንብላው ወይስ እንሸከመው" አለች አንዷ፣ ጥቂቶች ሳቁ። ሴትዮዋ አይኗን ከላይ ወደ ታች አወረደችና ጎንበስ አለች። የጥጉን አየች። አንድ ለውዝ ወደቀላት። ሳትነሳ ሌላ ሳንቲም አስገባች። ሌላ። ሌላ። "ለልጆቼ ነው፣ ለልጆቼ ነው" ትላለች ማንም ሳይጠይቃት። ከኋላዋ ያለችው ቀሚሷን ጎተተችው፣ ተሰዳደቡ። ሁለተኛዋ አራት ወሰደች። ሶስተኛዋ የቀረውን አራት። ሽቦው ባዶውን ዞረ። ሰልፉ ውስጥ ግማሹ ምን እንደተፈጠረ እንኳ አላወቀም፣ ብቻ ከሩብ ሰአቱ አምስት ደቂቃ ሄዶ ነበር።

ታናሼ ተራዋ ደረሰ። እጇ ውስጥ አራት ባለ አምስት ብር ሳንቲም ይዛለች፣ ከላብ የተነሳ ተጣብቀዋል። ሶስት ሳምንት እንደዚህ ስትመጣ ከርማለች ማለት ነው፣ ከራሷ ማሽን በሃያ ብር ስድስት ፍሬ ብስኩት ልትገዛ። አንድ በአንድ አስገባች። ቁጥሩን ተጫነች። ማሽኗ ዝም አለች። እንደገና ተጫነች። ከዚያ ወደኔ ዞረች፣ ሰው ሁሉ እያየ።

"ይቅርታ እትዬ" አለችኝ። "ትናንት ሃያ አልነበረም?"

በህይወቷ እትዬ ብላኝ አታውቅም። በስሜ ነው የምትጠራኝ፣ ሲከፋት ደግሞ በስድብ።

"ጨምሯል" አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዛሬ።"

"እሺ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ" አለችኝ።

የሽርጤ ኪስ በሳንቲም ከብዷል። እጄ ገባ። አንዲት ባለ አምስት በጣቴ ያዝኩ፣ ጠርዟ ይሰማኛል። ከላይ መስታወቱ ጋ ስራ አስኪያጁ ሻይ ይዞ ቆሟል፤ ወደኛ ይመልከት ወደ ሰአቱ አላውቅም። ዘመዳሞች መሆናችን ፊታችን ላይ የተጻፈ መሰለኝ፣ አፍንጫችን አንድ ነው። ለአንዷ ከሰጠሽ ለሁሉም ብለው ይጮሃሉ ብዬም አሰብኩ። ምክንያት አላጣሁም። ሳንቲሟ ኪሴ ውስጥ ቀረች።

ከኋላዋ ያለችው እርጉዝ ልጅ እጇን ዘርግታ አምስቱን ከተተችበት። "እኩል እንካፈላለን" አለቻት። ብስኩቱ ወደቀ። ሶስት ሶስት ፍሬ ደረሳቸው። ታናሼ የመጨረሻውን ፍሬ ለእርጉዟ ስትሰጣት አየሁ። ከዚያ ደወለ።

ማታ እኔ ቀደምኩ። ታናሼ አንድ ሰአት ላይ ገባች፣ እቃውን ለእናቴ ሰጠቻት፣ እናቴ ከፍታ አሸተተችው። "እንደ መስታወት!" አለች። እራት ሩዝ ነው። ታናሼ ቶሎ ቶሎ አይደለም የምትበላው፣ ቀስ ብላ ነው፤ ቀስ ብሎ መብላት ሶስት ሳምንት የሚለመድ ነገር መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት። ሁለተኛ ሳህን ስትጠይቅ እናቴ "ስራው ነው፣ የሚበላት ስራው ነው" አለች። እቃ ስለማወቅ አላወራሁም።

"ነገም ሃያ አምስት ነው?" አለች ታናሼ፣ ሳህኑን እያየች።

"ሃያ አምስት ነው።"

"ምኑ?" አለች እናቴ።

"ብስኩቱ።"

"ደረቅ ብስኩት? በሃያ አምስት?" እናቴ በኩራት ነው የተቆጣችው። "ምሳዋን ቋጥራ የምትመጣ ሴት ማን ብላ ትገዛዋለች?"

ታናሼም እኔም ወደ ሳህናችን አጎነበስን። እናቴ ለነገ ሩዙን ልትጥድ ተነሳች። ድንቹን ከተፈች፣ ካሮቱን ከተፈች፣ አንድ እንቁላል መርጣ ለብቻው አስቀመጠች። የጨው እቃውን ከፈተች።

"እማ" አልኩ። "ጨው ቀንሺ።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። "በዛ እንዴ?"

"ትንሽ።"

"ማን አለ?"

ታናሼ ቀና አለች። በሶስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አይን ለአይን ተያየን። በየትኛው በር እንደገባሁ፣ ማን እንደነገረኝ፣ ሁሉንም ከፊቴ ላይ አነበበችው። አንዴ ወደ ካርቶኑ አየች፣ አንዴ ወደ እናቴ።

"እኔ ነኝ ያልኳት" አለች።

"ታዲያ ለኔ አትነግሪኝም?" እናቴ ከልቧ አዘነች። "ሶስት ሳምንት ሙሉ እቃውን እያጸዳሽ ስታመጪ፣ እኔ በምን ልወቅ?"

ጨዉን በሶስት ጣቷ ቆነጠረች፣ አየችው፣ ግማሹን ወደ እቃው መለሰችው።